ረመጥ ውስጥ ያለው ብርሌ

ውድ እትዬ ሀብትነሽ፣

ደብዳቤ በ«እንደምን ሰነበቱ» ይጀመራል። እኔ ግን እንዴት እንደሰነበቱ ሳላውቅ ስለከረምኩ ወጉን ዘለልኩት። ባሕር ዳር ከገባችሁ ወዲህ ስልኩ አልሠራ ብሎ ድምፃችሁን አልሰማሁም። የማውቀው ሰኞ ዓይንዎን ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርጉልዎ ብቻ ነው፤ እሱንም ንግሥቴ ኔትወርኩ ሳይጠፋ በላከችልኝ አጭር መልእክት ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ስለተባለ የኔታ ይርሳው ከሰዓት ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። ይህን ወረቀት በእሳቸው እጅ እልካለሁ። ንግሥቴ፣ ለእናትሽ የምታነቢው አንቺ ነሽና ቀስ እያልሽ አንብቢ፤ እንደ ሬዲዮ ዜና አታጣድፊው።

መጀመሪያ የሚያስጨንቀኝን ልንገርዎ። ብርሌው ተነፍቷል። ትናንት ከሰዓት ነፋሁት። አሁን ባለቤቴ አለበል ብየዳ ቤት፣ በርሜል ውስጥ፣ ረመጥና አመድ ለብሶ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑም በጭቃ ተመርጓል። ደኅና ይሁን አይሁን አላውቅም። ዛሬ ጠዋት አጠገቡ ቆሜ ሳለ ከውስጥ «ቅጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ዝም አለ። የመስታወቱ ይሁን የበርሜሉ መለየት አልቻልኩም። ቆርቆሮም ሲቀዘቅዝ ይጮሃል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ የቤታችን ጣሪያ አመሻሹ ላይ የሚያሰማውን ያውቁታል። ግን ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሏል። የሽሮ አተር ስለቅም ጠጠሩን ሰፌዱ ላይ ትቼ ፍሬውን ስጥል ነው ወደዚህ ወረቀት የመጣሁት።

ልከፍተው እንደማልችል ደግሞ ያውቃሉ። ከእሳት የወጣ መስታወት ድንገት ብርድ ካገኘው ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፣ ሁለቱ ተጣልተው ይሰነጠቃል። ይህን ስነግርዎ ሳቁብኝ። እርስዎ ሸክላ ከቃጠሎው ሲያወጡ ነፋስ ከተነሣ ነጠላዎን አውልቀው ሲጋርዱለት የኖሩ ሰው ነዎት። እና በርሜሉ እጅ አስቀምጬበት ሳይፈጀኝ መቆየት እስክችል ድረስ መጠበቅ አለብኝ። አሁን ገና ይፈጃል። የኔታ ግን ዛሬ ይሄዳሉ።

እትዬ፣ ስሸኝዎት መናኸሪያው ላይ የተናገሩት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ንግሥቴ ቦታ ልትይዝ ስትገባ እጄን ይዘው «ግራይቱማ ከጠፋች ቆየች» አሉኝ። «ይቺ የቀረችው ብትጠፋም አልፈርድባት፤ ብዙ አገልግላኛለች። ግን ያን ነገር ሳላየው አትጥፋ።» ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ሲገፈፍ ያያሉ ብሏል አልኩዎት። እርስዎ ግን ሐኪም የሚለውን ሳይሆን ግራ ዓይንዎ የሆነችውን ነው የሚያምኑት። ስለዚህ ከሰኞ በፊት እልከዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

የዚህ ብርሌ ነገር የተጀመረበትን ቀን ያስታውሱታል? ከአዲስ አበባው የጠርሙስ ፋብሪካ ሥራዬን ለቅቄ በመጣሁ ሰሞን ነው። እኔ እዚያ ሥራዬ ጠርሙስን መብራት ፊት እያሳለፍኩ ስንጥቅ መፈለግ ነበር፤ በሕልሜም ስንጥቅ አይ ነበር። አሠልጣኛችን አንድ ቀን ያሳየንን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀርቼው ነበርና አሳየሁዎት። የሮማውያን ዘመን ጽዋ፣ ሰማያዊ፣ ሆዱ ላይ የወይን ሐረግ የተጠመጠመበት። ስልኩን አፍንጫዎ ላይ ደቅነው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ይኸ ከሸክላ የተወለደ ነው» አሉ። ማንም ሳይነግርዎ።

እውነትዎን ነበር። ከዚያ ጽዋ ዘመን በፊት የመስታወት ዕቃ መሥራት አድካሚ ነበር፤ በጭቃ እምብርት ላይ የቀለጠውን እየጠመጠሙ፣ ሲቀዘቅዝ ጭቃውን ከውስጥ እየፋቁ፣ አንዲት ትንሽ የሽቶ ዕቃ ለማግኘት ሰው ይደክም ነበር። በኋላ በሶርያና በፍልስጥኤም በኩል ያሉ ሠራተኞች የቀለጠውን በቱቦ ጫፍ ጠቅልለው መንፋት ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሸክላ ውስጡን ቀርጸው፣ ሁለት ሦስት ቦታ እንዲከፈት አድርገው፣ መስታወቱን እዚያ ውስጥ አግብተው ነፉት። መስታወቱ ሲያብጥ የሸክላውን ግድግዳ ይለብሳል፤ ሸክላው ላይ ጎድጉዶ የተቀረጸው መስታወቱ ላይ አብጦ ይወጣል። ሸክላውን ከፍተው ዕቃውን ያወጡና እንደገና ገጥመው ሌላ ይነፉበታል። ሲዶና የነበረ አንድ ሠራተኛ ኤንዮን ይባላል፤ «ኤንዮን ሠራው» ብሎ ሸክላው ውስጥ ስሙን ይቀርጽ ነበር።

«ሲዶና?» አሉ። «ያቺ ስለ ልጇ የጮኸችው ከነናዊት ሴት አገር?»

እሷው ናት፣ ዘመኑም ከዚያ ዘመን አይርቅም አልኩዎት። ከዚያ ስለ ስሙ ጠየቁኝ።

«ስሙን እላዩ ላይ ጻፈው? ገዥ አልሸሸውም?»

እትዬ፣ ይህ ጥያቄ ያኔም አናደደኝ፣ አሁንም ያናድደኛል። የተናደድኩት በእርስዎ አይደለም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስንቱ ቤት ወጡን የሚሠራው፣ ውሃውን የሚያስቀምጠው በእርስዎ እጅ ሥራ ነው። ገበያ ላይ በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ድምፁ ሲያምራቸው ይገዛሉ። ማን ሠራው ሲባል ግን ቸርቻሪዋ ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው ትላለች። ቤትዎ ገብቶ እህል የሚቀምስ የለም። እኔም የወንድምዎ ልጅ ነኝና ያንኑ ቀምሻለሁ፤ አለበል «ሸክላ ሠሪ ከብረት ቀጥቃጭ ልጅ በቀር ማን ያገባታል» እያለ የሚቀልድብኝም ለዚህ ነው። እና ያን ቀን ስምዎን እንጻፍበት ብዬ ግትር አልኩ። እርስዎ ደግሞ «ተይው ሠርኬ፤ ስም ያለው ሸክላ ገበያ ላይ ያድራል» ብለው ዘጉት። ሁለተኛ አላነሣሁትም።

ቀፎውን ሲሠሩ አጠገብዎ ተቀምጬ ነበር። በፋብሪካ ሞልድ ይሉታል፤ ቀፎ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ማር የመሰለ ነገር ሊፈስበት ነውና። የብርሌ ሆድ አድርገው ጭቃውን አቆሙት፣ ጠንከር ሲል በክር ሦስት ቦታ ሰነጠቁት፣ ለታቹ ደግሞ እንደ ሰታቴ ክዳን ያለች አራተኛ ቁራጭ ሠሩለት። ውስጡን የማር እንጀራ ዓይን እያስመሰሉ ቀረጹት። ጭቃው ቅንድብዎን እስኪነካው ድረስ ቀርበው ነበር። እንዲያም ሆኖ የሚያዩት በዓይንዎ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ያ በልጅነትዎ ማጭድ የቆረጠው አውራ ጣትዎ ነበር መንገድ የሚመራዎ። ያንኑ ጣት አይደል ሆስፒታሉ ወደ ባሕር ዳር ሲጽፍልዎ ቀለም አስነክተው የፈረሙበት? ቀለሙን የጠረጉት ደግሞ በእኔ ነጠላ ነው፤ አልለቀቀም።

አሁን የማያስደስትዎን ልንገርዎ። ቀፎውን በጨርቅ ጠቅልለው ቤቴ ትተውልኝ ሲሄዱ ከፍቼ አየሁት፤ ውስጡ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። አሟሽተውታል! በኑግ አሟሽተውታል። ያልተሟሸ ሸክላ ከቤትዎ ወጥቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ግን ምጣድ አይደለም እኮ፣ እትዬ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ለአለበል ሳሳየው «እንግዲያው ድልህ ጨምሪበት» ብሎኝ ወጣ።

የታችኛዋ ቁራጭ መሐል ላይ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበረባት። ጥላሸቱ ሸፍኖታል፣ በጣቴ ስዳብስ ነው ያገኘሁት። ዓይንዎ ደክሞ የሳቱት መሰለኝና በጭቃ ልሞላው ተነሣሁ። አለበል ነው የከለከለኝ፤ በተቃጠለ ሸክላ ላይ እርጥብ ጭቃ አይዝም፣ እሳት ሲነካው ተፈንጥሮ ይወጣል አለ። እንዳለ ተውኩት። ከታች ነው፣ ማን ገልብጦ ያያል ብዬ።

መስታወቱን ያገኘነው ከተሰባበሩ ጠርሙሶች ነው። አጥቤ፣ ወቅጬ፣ እርስዎ በሰጡኝ ወፍራም ማሰሮ ጨመርኩት። ከሰሉን አለበል በወናፍ ሲያናፋው ቆይቶ መስታወቱ ለሰለሰ፤ በብረት ነክቼ ስስበው እንደ ወፍራም ማር ተዘረጋ። በውሃ ቱቦ ጫፍ ጠቅልዬ ቀፎው ውስጥ ነፋሁ። የኑጉ ዘይት ተያያዘና በመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ጭስ ፏ አለ። እኔ ሳልሁ፣ አለበል ሳለ፣ ጎረቤት ቤት ተቃጠለ ብሎ መጣ። ስንከፍተው መስታወቱ ታች ሳይደርስ ጭሱ ገፍቶት ተጨማዷል። ሁለተኛው ደግሞ ከአንዱ ቁራጭ ጋር ተጣበቀና ሳላቅቀው ቁራጩ ከዳር ተሰበረ። በሽቦ አሠርነው። ማሟሸትዎ ነው ይህን ያመጣው ብዬ ተበሳጭቼብዎ ነበር፤ እንደገና ይቅረጹልኝ ማለት እንደማልችል ሳስታውስ ግን ብስጭቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ከዚያች ቀፎ በቀር ሌላ የለም። እርስዎም ባሕር ዳር ነዎት። ሰኞ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንድዬ ነው።

ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ስነፋ ዘይቱ ነድዶ አልቆ ነበር። አለበል ቀፎውን በጉጠት ጨምቆ ይዞ ጉንጬን እያየ «ሚስቴ ጠርሙስ ትነፋለች ብል ማን ያምነኛል» ሲለኝ እንዳልስቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነፋሁ። ቱቦው ውስጥ ትንፋሼ ሲቆም ተሰማኝ፤ ሞልቷል ማለት ነው። ሽቦው ሲፈታ ቀፎው እጁ ላይ ሦስት አራት ቦታ ተሰባበረ። መስታወቱ ግን ቱቦው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ገና ቀይ ስለነበር ምን እንደሚመስል አላየሁም። አንገቱን በእርጥብ ብረት ነክቼ ከቱቦው አላቀቅኩትና ረመጥ ውስጥ ቀበርኩት። ያ እርጥብ ብረት ነው እንግዲህ የሚያስጨንቀኝ። በዝቶበት ይሆን?

የኔታ ይርሳው አሁን መጡ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጥላቸውንና ስልቻቸውን ይዘው አልቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። በርሜሉን አሳየኋቸው። እጄን አስቀመጥኩበት፣ አሁንም ይፈጃል፤ እስከ አምስት ሳልቆጥር አነሣሁ። ብከፍተው ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት ደግሞ ነፋሱ ሲያገኘው ፊቴ ላይ ሁለት ይሆናል። አለበል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ፣ መፍቻውን ግን እጁ ላይ ይዞ ቆሟል፤ ክፈት ብለው ይከፍተዋል። የኔታን አየኋቸው። እሳቸውም በርሜሉን ሳይሆን እኔን እያዩ ነበር።

«ለሀብትነሽ ስንጥቅ ከምትልኪላት ወሬ ላኪላት፤ ወሬ መንገድ ላይ አይሰበርም» አሉና ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ደብዳቤውን ጨርሰሽ አምጪልኝ ብለውኛል።

እንግዲህ አልከፍተውም፣ እትዬ። ሰኞ ሳያዩት ሊገቡ ነው። ቃሌን በላሁ። ብከፍተውና ቢሰበር ግን እርስዎ ያን ያህል ጎንበስ ብለው የቀረጹት ሁሉ ገል ሆኖ ይቀራል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ እኔ ግን እርስዎ አሁንም በገል እንዲበሉ አልፈልግም። ዓይንዎ ከዳነ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። ካልዳነ ምን እንደምልዎ አላውቅም። እሱን መጻፍ አልቻልኩም።

መኪናው አልሞላም!

ደብዳቤውን አጥፌ መናኸሪያ ደርሼ ነበር። የኔታ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ረዳቱ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው እያለ ይጮኻል። አንዱ ሲገባ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ደግሞ ምሳ ሄዷል። በሕይወቴ መኪና ባለመሙላቱ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሮጬ ተመለስኩ። እጄን በርሜሉ ላይ አስቀመጥኩ። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ያህል ይሞቃል እንጂ አይፈጅም። አስቀምጬው ቆየሁ፤ አለበል የእሱንም ጨመረበት። ከዚያ ጭቃውን ፈቀፈቀው።

አመዱን በእጄ ነው የቆፈርኩት። መጀመሪያ ሆዱን አገኘሁ። ሙሉ ነው። አረንጓዴ ነው፣ የጠርሙስ አረንጓዴ፤ የማር እንጀራው ዓይን አንድ በአንድ አብጦ ወጥቷል። ወገቡ ላይ እንደ ጉም ያለ ግራጫ ዞሮበታል፤ የኑግዎ ጭስ ነው፣ ታጥቦም የሚለቅ አይመስለኝም። አንገቱ ጋ ስደርስ ግን ጥፍሬ ያዘው። ተሰንጥቋል። ከአፉ ተነሥቶ እስከ ትከሻው ወርዷል፣ እርጥብ ብረት ካስነካሁበት። ጠዋት የሰማሁት እሱ ነበር። አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም። ጠጅ አይያዝበትም፤ ቢያዙበት ይፈስሳል። አለበል «ሆዱ ደኅና ነው እኮ» እያለ ትከሻዬን ይመታል፤ እኔ መስማት አልቻልኩም።

አመዱን ላራግፍለት ገለበጥኩት። ታቹ ላይ የሆነ ነገር አብጦ ወጥቷል። ያ ጎድጓዳው ነገር፣ በጭቃ ልሞላው የነበረው። ስህተቱ ይኸው ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁት። ከዚያ አየሁት።

እትዬ፣ ጣትዎ ነው። አውራ ጣትዎ ከመስታወቱ ወጥቶ ቆሟል። ረቂቁ መስመር ሁሉ አልያዘም፤ ክብ ቅርጹ ግን ወጥቷል፣ የማጭዱ ጠባሳም ከዳር እስከ ዳር አለ። ስሜን ተይው ብለውኝ፣ ሳላይ በጥላሸት ሸፍነው፣ ፈርመውበት ሄደዋል። ቀፎውን ያሟሹት ይህን ለመደበቅ ይሁን ወይ ልማድ ሆኖብዎት አላውቅም፤ በአካል ስንገናኝ ይነግሩኛል። ለአለበል ሳሳየው ጠባሳውን በጣቱ ተከትሎ «በጭቃ ሊሞሉት ነበር እኮ» አለ። ለእኔ ያለው ነው፤ ሲደነግጥ አንቱ ይለኛል።

አውራ ጣቴን እላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ገና ሞቅ ይላል።

ብርሌውን በባዘቶ ጠቅልዬ፣ ቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤለት ለየኔታ እሰጣቸዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንዲወስዱት እነግራቸዋለሁ። ንግሥቴ፣ አደራ፣ በአንገቱ እንዳትይዢው። ነገ ከቅዳሴ መልስ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ውሰጂውና እናትሽ በቀረችው ዓይናቸው ያዩት። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ይንገዳገዳል፤ የቆመው በጣታቸው ላይ ነውና አይክፋችሁ።

እትዬ፣ ሰኞ ዓይንዎን ሸፍነው ሲያስተኙዎት ከዚህ ሆኜ እፈራልዎታለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም። ጨርቁ ሲነሣ ብርሃን ካዩ እሰየው። ብርሃኑ እንቢ ካለም ንግሥቴ ብርሌውን ትስጥዎት። ገልብጠው በአውራ ጣትዎ ይፈልጉት፣ ታች መሐሉ ላይ ነው። የራስዎን ያገኙታል።

አለበል መኪናው ሞላ እያለ ይጠራኛል። ከዚህ በታች ያለው ጥቁር ነገር እድፍ እንዳይመስልሽ፣ ንግሥቴ። ከተሰባበረው ቀፎ ጥላሸት አስነክቼ ያሳረፍኩት የእኔ አውራ ጣት ነው። እኔም እንደ እናትሽ ልፈርም ብዬ ነው፤ እጃቸውን ወስደሽ አስነኪልኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሠርክአዲስ
ፍኖተ ሰላም